በበጋ የተተከለ ችግኝ

ሚያዝያ ገብቶ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ገደማ፣ አዳማ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ጥላ የለውም። ያለችው ጥቂት ጥላም ጫማው ሥር ገብታለች። ቀያሽ ስለሆንኩ ይህን የማውቀው ከሜዳ ነው። የመታነው ችካል በዚያች ሰዓት ጥላ አልባ ሆኖ ይቆማል፤ የቀን ሠራተኞቹም "አናት ላይ ወጣች" ብለው ለምሳ ይበተናሉ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናታችን በላይ ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ። ይህን ሁሉ የማውቀው ሰውዬ ነኝ እንግዲህ በየካቲት አናቴን አስበስቼ፣ ፀጉር አስተክዬ፣ ያችን ፀሐይ ግን ጨርሶ የረሳኋት።

ሰውን አልረሳሁም። ከሰው ዓይን ለመሰወር ያላዘጋጀሁት ነገር አልነበረም።

ለምን እንዳስተከልኩ ባጭሩ ልለፈው። ፀጉሬ መሳሳት የጀመረው በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ አምስት ስሞላ ግንባሬ የት አልቆ አናቴ የት እንደሚጀምር የሚያውቅ አልነበረም። ራሰ በራነት የሀብት ምልክት ነው እያሉ ያጽናኑኝ ነበር፤ ሀብቱ የት እንደቀረ ግን የነገረኝ የለም። አንድ ቀን ከፍራንኮ ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ፣ ቢበዛ ከእኔ ስድስት ዓመት የሚያንስ ሰው፣ ዞር ብሎ በመስታወቱ አየኝና "ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ" አለኝ። ጠጋ አልኩ። ያን ቀን ማታ ስለ ኢስታንቡል ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ።

ለመሥሪያ ቤት ሥልጠና ነው አልኩ። ለጓደኞቼ ሥልጠና ነው አልኩ። ለእናቴም ሥልጠና ነው አልኩ። እውነቱን የምታውቀው እህቴ ብቻ ነበረች። ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ኮፍያ ይዤ ሄድኩ፤ ሦስቱም ጥብቅ ያሉ፣ ሦስቱም እስከ ቅንድብ የሚወርዱ። በኋላ እንደተረዳሁት አንዳቸውም አይሆኑም ነበር። አዲስ የተተከለ ፀጉር በመጀመሪያው ሳምንትና ከዚያም አልፎ በጨርቅ ሊታሽ፣ በኮፍያ ሊጨፈለቅ አይገባውም። ከሰው ዓይን የሚያስጥለው ኮፍያ ችግኙን ይጥላል ማለት ነው።

ችግኝ ያለችው እህቴ ናት። ቀዶ ጥገናው የተሠራልኝ የካቲት 20 አካባቢ ሲሆን ከጠዋት እስከ ማምሻ ፈጅቷል። ከማጅራቴ ከፍ ብሎ ካለው ወፍራም ፀጉር አንድ በአንድ ከነሥሩ እያወጡ ወደ አናቴ አዛወሩት። የሚያወጡበት ቱቦ አፉ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። በአንድ ጊዜ የሚወጣውን "ግራፍት" ይሉታል፤ ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ይይዛል። የእኔ 2,600 ሆነ። ሐኪሙ የእኛን ዓይነት ከርዳዳ ፀጉር ማውጣት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ነገረኝ፤ ከቆዳ በላይ እንደሚጠቀለለው ሁሉ ከቆዳ በታችም የታጠፈ ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ የገባ መሣሪያ ሥሩን ይቆርጠዋል። ካርታው የጠፋ የውኃ መስመር ፍለጋ የቆፈረ ሰው ይህ ይገባዋል።

ቁጥሩን ለእህቴ በቴሌግራም ስጽፍላት "2,600 ችግኝ! ለአንድ ቀበሌ ይበቃል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ "ጸደቀ?"

የተዛወረው ፀጉር እንዳይረግፍ የሚያደርገው ነገር ደስ ይላል። ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ያሳየው ነው። ከጀርባ የተወሰደ ፀጉር በራው ላይ ቢተከልም የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይኖራል። ጎረቤታችን ከጎጃም አዳማ ከመጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም አፋቸውን ሲከፍቱ ትናንት ከደብረ ማርቆስ የገቡ ነው የሚመስሉት። ፀጉርም እንደዚያው ነው።

ስንሰናበት አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ስለ አተኛኘት፣ ስለ አስተጣጠብ፣ ስለ እብጠት፣ ሁሉም በዝርዝር ተጽፏል። ስለ ፀሐይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ "ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ያስወግዱ።" የት እንደምኖር፣ ምን ሠርቼ እንደምበላ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ውጭው ደመናና ብርድ ነበር። በዚያ ሰሞን ኢስታንቡል ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ነው ከፍ የምትለው፤ አዳማ ላይ በዚያው ቀን 73 ዲግሪ ትደርሳለች። እዚያ ግንባርህን ታይሃለች፣ እዚህ አናትህን። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። ይህን ስሌት የሠራሁት ግን ከተቃጠልኩ በኋላ ነው።

አዳማ ስገባ ግንባሬ አብጦ ዓይኔ ጠብቦ ነበር። እናቴ በሩን ከፍታ አየችኝና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

"ማን ነው የመታህ?"

"ማንም አልመታኝም፣ እማዬ።"

ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። እህቴ ከኋላዬ ሆና "ችግኝ ነው እማዬ፣ ችግኝ አስተክሎ ነው" ስትላት ግን ራሷን ነቀነቀች።

"ችግኝስ ይሁን። ግን ማን ነው በበጋ ችግኝ የሚተክል?"

ስቄ አለፍኩት። ካገኘሁት ምክር ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ቤት ውስጥ አለፉ። ግማሽ ተቀምጬ ግማሽ ተኝቼ አድራለሁ፣ የጨው ውኃ እረጫለሁ፣ ማንም ሰው ራሴን እንዳይነካ እጠብቃለሁ። ትልቁ ትግል ከለጋ ቅቤ ጋር ነበር። እናቴ የቆሰለ ራስ ያለ ቅቤ ይድናል ብላ አታምንም። ጾም ነው ብዬ ላመልጥ ስሞክር "ለራስህ ነው እንጂ ለሆድህ መቼ አልኩህ" አለችኝ። ቅቤው በሲኒ ሆኖ ሦስት ቀን መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ረፋድ ላይ ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል። በአራተኛው ቀን እህቴ ወሰደችውና ራሷ ተቀባችው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቅርፊቱ ተራግፎ አለቀ። በመስታወት ሳየው ንጹሕ ነው፤ አጭር አጭር ፀጉር፣ ከሥሩ ቀላ ያለ ቡናማ ቆዳ። በቃ ዳንኩ አልኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ቅርፊት ሲነሳ ቀዳዳው ተዘጋ ማለት ነው እንጂ ቆዳው ጠነከረ ማለት አይደለም። ከላይ የተሸፈነው ገና ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቁጣም ለሳምንታት አይበርድም።

ለአሥር ዓመት በራ ራሴን ይዤ ሜዳ ላይ ስውል ምንም አልሆንኩም ነበር። ይህ ነው ያሳሳተኝ። "የእኛ ቆዳ ምን ይሆናል፣ ፀሐይ የለመደ ነው" የሚለውን ከሌላ ሰው ብሰማው እከራከር ነበር፤ ከራሴ ስሰማው ግን ተቀበልኩት። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው ከለላ አለው፣ ሐሰት አይደለም። ግን ያው ቀለም ሰጪ ክፍል ቁስል ወይም ቃጠሎ ሲነካው ይበረግጋል፣ ቀለሙን ያለ ልክ ያፈሳል። ነጭ ሰው ቀልቶ በሚመለስበት ቦታ እኛ ጠቁረን እንቀራለን፤ ለወራት። ብጉር የወጣበት ፊት ላይ የሚቀረውን ነጥብ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ራስ ላይ እንደዚያ ያለ ቦታ 2,600 ነበር፤ ከኋላ የተነቀለበትን ሳልጨምር።

ሥራ ከመግባቴ በፊት እናቴ ነጠላዋን ጣል እንዳደርግ መከረችኝ። ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ነጠላውን በሁለት እጄ ወደ ሰማይ ዘረጋሁት። ከከተማው ባሻገር ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በነጠላው ውስጥ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ክንፋቸው ሲዞር እንኳ መቁጠር ይቻላል። ማመንጫው የሚታይበት ጨርቅ ፀሐይን አያስቀርም። ይህ መፈተኛ አሁንም ይሠራልኛል፤ ኮፍያ ስገዛ ወደ ብርሃን አንስቼ አያለሁ፣ ሻጩ ቀዳዳ የምፈልግ ይመስለዋል። ነጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሻላል። ጋቢ ምንም አያሳልፍም፤ ግን በአዳማ መጋቢት ጋቢ የተከናነበ ሰው ከፀሐይ ቢድን ከላቡ አይድንም።

ስለዚህ ሰፊ ክብ ኮፍያ ገዛሁ። ዙሪያውን ክንፍ ያለው፣ ራስ ላይ የማይጠብቅ። ሐኪሜም ፈቀደልኝ። እዚህ ከተማ ላይ ግን የማይጠብቅ ኮፍያ ማለት የነፋስ ኮፍያ ማለት ነው። እነዚያ ማመንጫዎች እኮ ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም! ፖስታ ቤት አካባቢ ሁለት ጊዜ አስፋልት ተሻግሬ አሳድጄዋለሁ። እህቴ ከአገጭ የሚታሰር ጥብጣብ ሰፋችልኝ፤ ጥብጣቡን ሳስረው ዓሣ አጥማጅ መሰልኩ፤ ግን ያዘ።

ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ዐረፉ። የእድራችንን መዝገብ ለሃያ ዓመት የያዙ፣ አባቴ ሲሞት ድንኳኑን አስተክለው ሦስት ቀን ከደጃችን ያልጠፉ ሰው ናቸው። ላለመሄድ ቀርቶ ዘግይቼ ለመድረስም አይቻለኝም። ቀብሩ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ አንድ አዛውንት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። በዓይናቸው ብቻ ወደ ኮፍያዬ አመለከቱ። እሳቸው ራሳቸውን ገልጠዋል፤ ወንዱ ሁሉ ራሱን ገልጧል። ጥብጣቡን ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ፤ አገጬ ሥር ተቋጥሮ አልፈታ ብሎ ስታገል ከኋላዬ የነበሩት ሰልፋቸውን ይዘው ጠበቁኝ። አወለቅሁት። ስንት ሰው እንዳየኝ አላውቅም። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው የሚባለው እንዲህ በአንድ ላይ ሲደርስ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ፍትሐቱ ረዘመ። ካህናቱ በድባብ ሥር ናቸው። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በአንድ ወገን ቆመዋል፤ እናቴ ከእነሱ መካከል ሆና አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ታየኛለች። እጇ ላይ ያለውን ጃንጥላ ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ና ማለቷ ነው። በወንዶቹ ፊት አቋርጬ ሴቶቹ ጃንጥላ ሥር ልገባ? አልሄድኩም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆሜያለሁ። ቆዳዬ ከተተከለበት ጀምሮ ግማሽ ደንዝዞ ስለነበር ሲቃጠል አልተሰማኝም፤ ይህን በኋላ ነው የተረዳሁት። ቀዶ ጥገናው የራስን ቆዳ ስሜት ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ያደነዝዛል። እሳቱን የሚነግረው ሽቦ ተቆርጧል ማለት ነው።

ማታ ራሴ ምጣድ ሆነ። እናቴ መዳፏን ሳታሳርፍ፣ ጣት ያህል ከፍ አድርጋ ይዛ "ምች ነው" ብላ ፈረደች። ወዲያው ጓሮ ወርዳ ዳማከሴ ቆርጣ መጣች። በእጇ ስታሸው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ልጅነቴ ከነትኩሳቱ መጣብኝ። ግንባሬን ተቀባሁ፣ ሽታውንም ማግሁ፣ ራሴ ላይ ግን እንዳታደርግብኝ ለመንኳት። ምችን ሐኪም በመጽሐፉ አያውቀው ይሆናል። ግን አንድ ሕዝብ ፀሐይ ሰውን ትመታለች ብሎ ስም ካወጣላትና ቅጠል ካዘጋጀላት፣ እኔ በየትኛው ትምህርቴ ነው "ፀሐይ ምን ታደርገኛለች" ያልኩት?

ለሐኪሜ ፎቶ ላክሁለት። ቀዝቃዛ እንጂ በረዶ ያልሆነ ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ነክሬ እንዳሳርፍ፣ እንዳላሽ፣ ምንም ቅባት እንዳላስጠጋ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካየሁ እዚሁ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ጻፈልኝ። መግል አልመጣም። ቆዳው በአምስተኛው ቀን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። የፀጉሬ አዲሱ መስመር ላይ በግራ በኩል፣ ከቅንድቤ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ፣ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ሁለት ጥቁር ምልክቶች ቀሩ።

ወዲያው ደግሞ ፀጉሩ መርገፍ ጀመረ። ትራስ ላይ፣ ፎጣ ላይ፣ የማስታወሻ ደብተሬ መሐል። እህቴ "ጸደቀ?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፤ ያ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ቀብር ላይ ተቃጠለ ብዬ አምርሬ ነበር። ፀሐይን ግን በዚህ በኩል በሐሰት ነው የከሰስኳት። የተተከለ ፀጉር ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግፋል፤ ፀሐይ ቢነካውም ባይነካውም። ሥሩ ከቆዳው በታች አራት ሚሊሜትር ያህል ገብቶ ተቀምጧል፤ የሚረግፈው ከላይ ያለው ዘንግ ነው። ከሦስት አራት ወር በኋላ ከዚያው ሥር አዲስ ይወጣል። የሚያቃጥለው ጨረር በአብዛኛው ከላይኛው ቆዳ አያልፍም። ስለዚህ ፀሐይ በጥቁሩ ምልክት ጥፋተኛ ናት፣ በመርገፉ ነፃ ናት። የሚጎዳው ገና እየዳነ ያለው ቆዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ክፉኛ ከቆሰለ ሥሩ ላይ ምን እንደሚከተል ለማየት መሞከር አያስፈልግም።

ጃንጥላው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናቴ ከቁም ሣጥን ጀርባ አወጣችው፤ የአባቴ ነው። ጥቁር፣ እንደ ከዘራ የተቆለመመ የእንጨት እጀታ ያለው። አባቴም ራሰ በራ ነበር። በልጅነቴ ያንን ጃንጥላ ለዝናብ የሚይዘው ይመስለኝ ነበር። ስዘረጋው ግን ጨርቁ ከላይ ወደ አመድማነት ደብዝዟል፣ ከታች እጥፋቱ ውስጥ ጥቁረቱ እንዳለ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ዝናብ የለም። የእሱ ትውልድ ወንዶች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ሲሄዱ ክብር ነበረው። መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ጃንጥላ የእናቶችና የካህናት ብቻ ሆነና ወንዱ መዳፉን ግንባሩ ላይ እየጋረደ መሄድ ጀመረ።

ኮፍያ ሰውንም ፀሐይንም ይከልላል ብዬ ነበር የተነሳሁት። ጃንጥላ ከሰው አይደብቅም፤ እንዲያውም ከሩቅ ይጠራል። ግን ራስን አይነካም፣ አያሽም፣ አያልብም፣ ነፋስም ሥሩ ያልፋል። ቀብር ላይም አውልቅ የሚልህ የለም። ያን ቀን የአባቴን ጃንጥላ ይዤ ብሄድ ኖሮ ራሴን ገልጬ በጥላ ሥር እቆም ነበር። ያልያዝኩት ምን ይሉኛል ብዬ ነው።

ሥራ ቦታ ነገሩ ቲያትር ሆነ። እኛ ቀያሾች ጃንጥላ እንግዳችን አይደለም፤ ድሮም አለን፣ ግን ለመሣሪያው ነው። ፀሐይ አንዱን ጎኑን ካሞቀችው ውኃ ልኩ ይዛባል፣ ንባቡ ይሳሳታል። ስለዚህ ረዳቱ ቶታል ስቴሽን ለሚባለው ለዚያ መለኪያ መሣሪያ ጥላ ይይዝለታል፤ ቀያሹ ከጎን ቆሞ ይጠበሳል። የአባቴን ጃንጥላ ይዤ የመጣሁ ቀን ረዳቴ ግራ ገብቶት፣ "ኢንጂነር፣ ይሄኛው ለማን ነው?" አለ። ለእኔ ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሁለቱም መሣሪያዎች ጥላ ይፈልጋሉ" እያለ ለጎብኚ ያስተዋውቀኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሥራው አስተማረኝ። ዓይኔን መነጽሩ ላይ ስተክል አጎነብሳለሁ፤ ሳጎነብስ ፀሐይ የምታገኘው ማጅራቴን ነው። የተነቀለበት ቦታ! ከፊት ብቻ ምላስ ያለው ኮፍያ ለግንባር እንጂ ለዚያ ምንም አይሠራም። ሄልሜቱን መልሼ ያደረግሁት ሐኪሙ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው፤ ውስጡን በየማታው እያጠብኩ፣ ላብ ሲያስቸግረኝ ጥላ ሥር እያወለቅሁ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ ብዙ አያስወራም። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይድን አይቀባም፤ እኔ ከተላጠው በኋላ አንድ ወር ጠበቅሁ። ፋርማሲስቷ ሠላሳና ሃምሳ የሚል አሳየችኝ። 30 የተጻፈበት ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 የተጻፈበት 98 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ያን ያህል አይራራቁም። ግን ቁጥሩ የተለካው በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፤ እኛ በዋጋው ላይ ስስት ስለምንጨምርበት ያን ያህል የሚቀባ የለም። ሲያልበን ደግሞ ይሄዳል፤ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። የመጀመሪያው የገዛሁት ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ወፍጮ ቤት የዋልኩ መሰልኩ። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ግን አዲሱ ፀጉር ብቅ ሲል ከፀጉሩ ጋር እየተለወሰ አስቸገረኝና ለግንባሬና ለጆሮዬ ብቻ አደረግሁት። ለአናቴ ጃንጥላው አለ።

አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ስመላለስ ደግሞ መስኮት ዘግቼ ተማምኜ ነበር። የጎን መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀርም ቆዳን የሚያጠቁረውን ሌላውን ያሳልፋል። ከግራ በኩል ያለው ምልክት ቶሎ ያልለቀቀኝ በዚህ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አሁን እየነዳሁም ኮፍያ አለ፤ ያ ባለ ጥብጣቡ፣ መኪና ውስጥ ነፋስ አያገኘውም።

ምልክቶቹ ለመጥፋት አምስት ወር ፈጅተዋል። ሰኔ ላይ ቡናማ ሆኑ፣ ነሐሴ ላይ ፈልጎ ካላገኛቸው በቀር አይታዩም። ክረምቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ችግኝ ሲተክል እኔ የበጋውን ችግኝ በመስታወት እቆጥር ነበር፤ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ፣ ቀጥሎ ሽቦ፣ ቀጥሎ የራሴ። እናቴ በበጋ መትከሌን እስካሁን አልማረችኝም። ልክ ናት። በክረምት ቢሆን ሥራው ቀዝቀዝ ይል ነበር፣ ዕረፍት ማግኘትም ይቀል ነበር። ደመናውን ግን እንዳላምነው ተምሬያለሁ፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ ለሁለተኛ ጊዜ አናት ላይ በምትወጣበት ሳምንት፣ ከዝናብ በኋላ ሰማዩ ተገለጠ። ከመናኸሪያ ወጥቼ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ፀጉሬን አንድ ሰንቲሜትር ተኩል አሳድጌዋለሁ፤ ፊት ለፊቱን ጠዋት በማበጠሪያ ነክቼዋለሁ፣ በዓሥራ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ከጃንጥላው ጫፍ እስከ ጫማዬ አየኝ።

"ፋዘር፣ ጃንጥላዋን ይጠፏት፣ አታስገባዎትም።"